ከማታ ትምህርት የቀሩትን ቤታቸው ሄደን እንጠይቅ
(በጫንጮ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በቅኔ ቤት ጢም ያበቀለ ተማሪ በዕድሜ ከሚያንሰው መምህር እግር ሥር ቢቀመጥ የሚያፍር የለም። ቤተ ክርስቲያናችን ለትምህርት የዕድሜ ገደብ አላበጀችም። ታዲያ በየአጥቢያችን ከ8ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠ ጎልማሳ ደብተር ይዞ ሲታይ ስለ ምን ያፍራል?

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። ዛሬም ሁለት ዓመት የሚፈጀው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት አለ። ይሁን እንጂ ማንበብና መጻፍ አንድ ነገር ሲሆን ሥራ ፈላጊ የሚጠየቀው የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ሌላ ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው የማታ ትምህርት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለዓመታት ደብተር ያልነካ ሰው ይከብደዋል። ፈተናውም ቀላል አይደለም፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ልጅ እያሳደገ የሚማር ሰው ቢወድቅ ሊነቀፍ አይገባውም።

እኛም ስሕተታችንን እንናገር። በአንድ አጥቢያ አዳራሽ የማጠናከሪያ ትምህርት ስንጀምር ሰዓቱን ከቀኑ 11 ሰዓት አደረግነው። እናቶች እየቀሩ ሲሄዱ ስንፍና መሰለን። ቤታቸው ሄደን ብንጠይቅ ግን ሰዓቱ የላም ማለቢያ ሆኖ አገኘነው። ወተት የቤታቸው ቀለብ፣ የልጆቻቸውም የደብተር መግዣ ነው። ትምህርቱን ወደ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብናዛውረው ከቀሩት የሚበዙት ተመለሱ። የጎደለው የእነርሱ ፍላጎት ሳይሆን የእኛ ጥያቄ ነበር።

ስለዚህ ከእናንተ ሦስት ነገር እንለምናለን። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለማታ ተማሪዎች ይከፈት፤ መብራቱም አይጥፋ። ከአጥቢያው ልጆች እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚችሉት በሳምንት አንድ ቀን ያስጠኑ። አባቶችም የንስሐ ልጆቻችሁን ስትጎበኙ፣ «ትምህርቱ እንዴት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች የመጨረሻዋ ገንዘብ አትጠይቅም፤ ሊያቋርጥ ያሰበውን ግን ትመልሳለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።