ሽኝቱ እስከ በር ብቻ አይሁን
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ዋዜማ ለአባላትና ለቤተሰብ የተደረገ ንግግር)



ጠላውና ቢራው ከመቅረቡ በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። መጠጥ ኃጢአት ነው ብዬ ልሰብክ አልተነሣሁም፤ እሱን ለቄሶቹ ትቼዋለሁ። የምናገረው ስለ መኪና ቁልፍ ነው።

በካርቲየ 7 ቢስ የሐሙስ ማታ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ነገ ዓርብ ነው፣ ሥራ የለም። ቀትር ላይ የገባው ጫት ከሰዓት በኋላ ይቃማል፤ ሲመሽ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል። የእኛ ሰፈር ዋና አደጋ እዚህ ላይ ነው። ጫት ያነቃል፣ አልኮል ያደነዝዛል። የቃመ ሰው ብዙ ጠጥቶም ዓይኑ ስለማይከብድ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ መሪ ይይዛል። ጫቱ ግን በደሙ ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንስለትም። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም እንደዚሁ ናቸው።

አልኮልን የሚያስወግደው ጉበት ነው፤ እሱም አይቸኩልም። በግምት በሰዓት 10 ግራም ያህል ያስወግዳል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ስላለው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቤት ውስጥ የወጣ አረቄማ ጉልበቱ ስንት እንደሆነ ማን ለክቶት ያውቃል? ከእኛ መካከል ባላቸው ወይም ልጃቸው የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ ብዙዎች ናችሁ። ማታውን ስምንት ጠርሙስ የጠጣ ሾፌር፣ ተኝቶ ቢነሣም ጎሕ ሲቀድ ከፒኬ 12 ወደ ጋላፊ ጉዞ ሲጀምር ስካሩ ሙሉ በሙሉ ላይለቀው ይችላል።

ለበዓል አገር ቤት የምትገቡ እንደምታውቁት፣ አዲስ አበባ ላይ የትራፊክ ፖሊስ ሌሊት በትንፋሽ መለኪያ ይመረምራል። ደግ ነው። ይሁን እንጂ ከፖሊሱ በፊት ሰካራሙን የሚያየው ጋባዡ ነው። «በሞቴ አንድ ድገም!» ብሎ ያጠጣ ሰው፣ እንግዳው ሲወጣ እስከ በር ሸኝቶ መመለሱ አይበቃውም። ታክሲ ይጥራለት፣ አለዚያ ፍራሽ ያንጥፍለት። የአምቡሊን ድልድይ ተሻግሮ ባልባላ የሚገባውን ደግሞ በተለይ። በእግሩ የሚሄደውንም ብቻውን አትልቀቁት፤ የሰከረ እግረኛ በጨለማ መንገድ መካከል ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

እህቶቼ፣ ባልሽ ጠጥቶ «ግቢ፣ እንሂድ» ቢልሽ ልጆቹን ይዘሽ አትግቢ። ንግግሩ ይኖራል፤ ግን ነገ ጠዋት ይሁን።

ለዛሬው ምሽት ሁለት ወንድሞች ለስላሳ ብቻ ሊጠጡና ቤተሰቦችን ሊያደርሱ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ እናመሰግናቸዋለን። መኪና ይዛችሁ የመጣችሁና የምትጠጡ፣ ቁልፋችሁን አሁኑኑ፣ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት፣ በሩ አጠገብ ያለው መሶብ ውስጥ አስቀምጡልን።