ለጠበቃ የተነገረ ቃል አማና ነው
(አምባ ጊዮርጊስ ላይ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)



የተከበራችሁ ጀመዓዎች፣ ፖሊስ ጣቢያ የተጠራ አንድ ወንድማችን «ለጠበቃ የምነግረው ተመልሶ ማስረጃ ይሆንብኛል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ እዚሁ ልመልሰው።

ጠበቃ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ጠበቃውን፣ አስተርጓሚውን፣ ሐኪሙን፣ የሃይማኖት መሪውን ሳይቀር ይከለክላል። የሚያስቀጣው ግን ምስጢሩ የወጣበት ሰው ሲከስ ነው፤ ዝም ካላችሁ ዝም ይባላል። አማናው የባለጉዳዩ ነው፤ እሱ ካልፈቀደ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ ጠበቃው አፉን አይከፍትም።

ለመርማሪ የሚሰጥ ቃል ሌላ ነው። የኮሚቴዎቻችንን ነገር አስታውሱ። ሐምሌ 2004 ተይዘው ማዕከላዊ ገቡ። በኋላ በሽብር ከተከሰሱት 29 ሰዎች አንዳንዶቹ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ጠበቃ አላገኙም። በምርመራ የተቀረጹት ምስል ጥር 28 ቀን 2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» ተብሎ በቴሌቪዥን ወጣ፤ ፍርድ ሳይሰጥ፣ ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ አግዶት ሳለ።

አንድ ቀዳዳም ነበር፤ አልደብቃችሁም። በ2012 የተሻረው የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 አንቀጽ 12፣ ስለ ሽብር መረጃ ኖሮት ያለ በቂ ምክንያት ያላሳወቀን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣ ነበር፤ ጠበቃን ለይቶ አላወጣም ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ ጠበቃው ደንበኛውን መስማት እንዲፈራ ያደርገዋል።

ወደ እኛው ልመለስ። ብዙዎቻችን ጉዳያችንን መጀመሪያ የምናፈሰው ፍርድ ቤት ደጅ ለተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፣ ያውም ሰው ዙሪያውን ቆሞ እየሰማ። እሱ ጠበቃ አይደለም፤ የሚጻፈውን ብቻ ንገሩት። ጠበቃ ዘንድ ስንገባም ጎረቤትና ሽማግሌ ማስከተል እንወዳለን። ሽማግሌው ውጭ ይቀመጥ። በስልክም ዝርዝር አታውሩ።

የታሰረ ሰው ካለ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ጠበቃው እንዲጎበኘው ይፈቅዳል፤ የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 61ም ወዲያውኑ ጠርቶ ያነጋግር ይላል። ዝም የማለት መብትም አለው። «ጠበቃዬን ሳላነጋግር ቃል አልሰጥም» ይበል፤ ፖሊሱ አጠገቡ ከቆመ «እባክዎ ራቅ ይበሉልን» ማለት ነውር የለውም። እምቢ ከተባለ ቀኑንና ሰዓቱን ይያዝ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ያንኑ ያስመዝግብ።

የጠየቀኝ ወንድም ነገ ጠዋት ወደ ጎንደር ይወርዳል። ሁለት ሰው አብሮት ይሂድ፣ መሳፈሪያውን እንሸፍን። ከጠበቃው ቢሮ ሲደርሱ ግን ብቻውን ይግባ።