ብርሃን ከብርሃን ጋራ ተገናኝቶ ጨለማ ስለ መሆኑ

ተማሪዎች ሆይ፥ ባንድ ኩራዝ ላይ ሌላ ኩራዝ ቢጨመር ቤቱ ይበልጥ እንዲበራ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ነገር ግን ብርሃን በብርሃን ላይ ተጨምሮ ጨለማ የሚሆንበት ስፍራ አለ ቢባል፥ ሰሚው ይደነቃል።

ስመ ጥሩው ሊቅ ኒውተን በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ብርሃን የደቃቅ ቅንጣቶች ፍሰት እንደ ሆነ ስለ ገመተ፥ ከእርሱ በኋላ ብዙ ሊቃውንት ቃሉን ሳይመረምሩ ተቀበሉት።

ቶማስ ያንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ግን በ1803 ነገሩን በሥራ ፈተነው። መስኮቱን ዘግቶ፥ በመርፌ በተበሳ ወፍራም ወረቀት ቀጭን የፀሐይ ጨረር አስገባ፤ በጨረሩም መካከል ስፋቱ ከአንድ ኢንች 30ኛ እጅ የሚያህል ካርቶን አቆመ። ብርሃኑ በካርቶኑ ግራና ቀኝ አልፎ በተገናኘ ጊዜ፥ በጥላው ውስጥ ብሩህና ጨለማ መስመሮች እየተፈራረቁ ታዩ። ባንዱ ወገን የሚያልፈውን ብርሃን በጋረደው ጊዜ ግን በጥላው ውስጥ የነበሩት መስመሮች ጠፉ። እንግዲህ መስመሮቹን የሠራው የሁለቱ ብርሃን መገናኘት እንደ ሆነ ታወቀ።

ምሳሌው በኩሬ ይገኛል። በረጋ ውሃ ላይ ሁለት ጠጠር ባንድነት ቢጣል፥ የሁለቱ ሞገድ ክቦች ይሻገራሉ። የሞገድ ከፍታ ከከፍታ ጋራ ሲገጥም ውሃው ይበልጥ ይነሣል፤ ከፍታ ከዝቅታ ጋራ ሲገጥም ግን አንዱ ሌላውን ስለሚሽረው ውሃው ጸጥ ይላል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ብርሃኖች የተጓዙት መንገድ እኩል ሲሆን፥ ወይም አንዱ ካንዱ ባንድ ሙሉ ሞገድ ሲበልጥ ስፍራው ይበራል፤ በሞገድ እኩሌታ ሲበልጥ ይጨልማል። ከጨለማው መስመር የታጣውም ብርሃን በብሩሁ መስመር ላይ ይታከላል እንጂ ከንቱ አይቀርም። የቀይ ብርሃን ሞገድ ርዝመት ሚሊሜትር ለ10000 ቢከፈል 7 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ሞገዱን ዓይን ሊያየው አይችልም፤ መስመሮቹ ግን ይመሰክሩለታል።

ያንግ ኒውተንን ተቃወመ ተብሎ በኤዲንበርግ በሚታተም መጽሔት ብርቱ ዘለፋ ደረሰበት። ይሁን እንጂ ፍሬኔል የተባለ ፈረንሳዊ የሞገድን ነገር በሒሳብ አስረድቶ በ1819 ከፓሪስ የሳይንስ አካዴሚ ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ብርሃን የሞገድም የቅንጣትም ጠባይ እንዳለው ተረጋግጧል፤ ስለዚህ የኒውተን አሳብ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፥ ያንግም የመሰከረው እውነት ጸንቶ ይኖራል።

የሳሙና አረፋ በፀሐይ ላይ በብዙ ቀለም የሚያበራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከአረፋው የውጭ ፊትና የውስጥ ፊት የሚመለሱት ሁለት ብርሃኖች ይገናኛሉና። የታላቅ ሰው ስም ይከበራል፤ ነገር ግን ስም ክርክርን በማይጨርስበት ስፍራ፥ አንዲት ካርቶንና አንድ የፀሐይ ጨረር ይጨርሱታል።