ሐኪም ስለሚያዝዛቸው መድኃኒቶችና ስለሚያስከትሉት ሱስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የጤና ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ለእኛም ለጤና ክበብ አባሎች ጥቂት ደቂቃ ስለ ተሰጠን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። የሙዚቃና የቲያትር ክበቦች ያስደሰቷችሁን ያህል እኛ እንደማናስደስታችሁ እናውቃለን፤ የመረጥነው ነገር ለበዓል ቀን የሚስማማ አይደለምና። ሆኖም ወላጅና ልጅ፥ መምህርና ተማሪ በአንድ አዳራሽ የሚገናኙበት ቀን በዓመቱ ውስጥ ብዙ ስላልሆነ፥ ይህ ቀን ዝም ብሎ እንዲያልፍብን አልፈለግንም።

የምንናገረው ስለ ሐሺሽ ወይም ስለ መጠጥ አይደለም። ስለ እነርሱ ብዙ ጊዜ ተመክረናል። የዛሬው ነገራችን ሐኪም ጽፎ ስለሚያዝዘው፥ መድኃኒት ቤት ቈጥሮ ስለሚሰጠው፥ እናትም በመሳቢያ ውስጥ ስለምታኖረው ኪኒን ነው። ይህን ማንም እንደ ጠላት አያየውም፤ የገባውም ወደ ቤታችን በበሩ በኩል እንጂ በመስኮት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ከክፍላችን ልጆች አንዱ በእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ጉልበቱን ተመታ። ስሙን አንጠራም፤ ነገሩን እንድንናገር ግን እርሱ ራሱ ፈቅዶልናል፥ ይህንንም ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ ሁለት ቦታ ላይ አርሞልናል። ከገጠር መጥተው በከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተው ከሚማሩት ልጆች አንዱ ነው። ሦስት ሆነው በአንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ እናቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ። ጉልበቱ አብጦ ሌሊቱን ሲያቃስት ያየው አንደኛው የክፍሉ ጓደኛ፥ አጎቱ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ጊዜ ታዝዞላቸው የተረፈ ትራማዶል የሚባል እንክብል ነበረውና አውጥቶ ሰጠው። ይህ የሰጠው ልጅ ዛሬ ከእኛ ጋር እዚህ መድረክ ላይ ቆሟል። ክፉ አሳብ አልነበረውም። እኛም ሌሎቻችን በማግስቱ ስንሰማ «ደግ አደረግህ» አልነው እንጂ የነቀፈው አልነበረም፤ የጤና ክበብ አባሎች ሆነን ሳለን!

ያን ሌሊት ልጁ ደኅና አድርጎ ተኛ። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ድኖ ነበር፤ እንክብሉ ግን አልቀረም። ለምን እንዳልቀረ ስንጠይቀው የመለሰልን እንዲህ ነው፤ «ሕመሙ ሲጠፋ ሌላም ነገር አብሮ ይጠፋ ነበር። የፈተናው ሐሳብ፥ የቤት ኪራዩ ሐሳብ፥ ሁሉም ርቆ ይታየኝ ነበር።» መጀመሪያ አንድ ነበረ፤ ከዚያ ሁለት ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ቍጥሩን ለእኛ መናገር ተወ። የአጎትየው በአለቀ ጊዜ ያለ ማዘዣ የሚሸጥለት ቦታ አገኘ። የስንቁ ገንዘብ አለቀ፥ የሒሳብ መጽሐፉ ተሸጠ፥ ከጓደኛው ኪስም ገንዘብ ጠፋ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት አቁመን መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን እንናገር፤ ይህን ያላወቀ ሰው ልጁን «ባለጌ ሆነ» ብሎ ያልፈዋልና። ትራማዶል፥ ኮዴን፥ ፔቲዲንና ሞርፊን ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ኦፒዮይድ ይባላሉ። በአንጎላችንና በሕብለ ሰረሰራችን ውስጥ እንደ ቍልፍ ቀዳዳ ያሉ ትንንሽ መቀበያዎች አሉ። ሰውነታችን ሕመም ሲበዛበት ራሱ የሚያዘጋጃቸው ማስታገሻዎች ወደ እነዚህ ይገባሉ። መድኃኒቱ ከውጭ መጥቶ በዚያው ቀዳዳ የሚገባ ቍልፍ ነው፤ ነገር ግን ከሰውነት ቍልፍ እጅግ የበረታ ነው። በየቀኑ ሲመጣ ሰውነት ይለምደዋል፥ ትናንት የበቃውም መጠን ዛሬ አይበቃም። ድንገት የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ሰውነት እንደ ተገፈፈ ሰው ይሆናል፤ ያልበዋል፥ አጥንቱን ይቈረጥመዋል፥ ሆዱ ይታወካል፥ እንቅልፍ ይነሣዋል። ሕዝባችን ሐራራ የሚለው ይህን ነው። እንግዲህ ሱስ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የሚውጠው ለደስታ ሳይሆን ይህን ሥቃይ ለመሸሽ ነው። ከዚህም የከፋ አለ፤ እነዚሁ መድኃኒቶች መተንፈስን የሚያዝዘውን የአንጎል ክፍል ያዘገዩታል። ከልክ ያለፈ የወሰደ፥ ወይም ከመጠጥ ጋር ወይም እንደ ዲያዜፓም ካለ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒት ጋር ደባልቆ የወሰደ ሰው ተኝቶ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ትራማዶል ደግሞ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው፤ ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል።

እኛ ያየነውም ይህን ነው። በአንድ ጧት፥ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፥ ልጁ ከወንበሩ ወድቆ ተንዘፈዘፈ። ከመካከላችን አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው ሮጠ፥ አንዱ ጥርሱን በማንኪያ ሊያላቅቅ ሞከረ፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። የሚገባው ከሚጎዳው ነገር አርቆ ሲረጋ በጎኑ ማስተኛትና ወደ ሐኪም ማድረስ ነበር። መምህራችን ደርሰው በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ያፈርንበት ነው። ሐኪሙ «ልጆች፥ ምን የወሰደው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁን። እኛም «ምንም አልወሰደም» አልን። ጓደኛችን እንዳይባረር፥ የሰጠውም እንዳይያዝ ፈርተን ነው። ሁለት ሰዓት ያህል በዚያ ውሸት ላይ ቆየን፤ ሐኪሙም የሚጥል በሽታ ነው ብለው የዚያን መድኃኒት ሊጀምሩለት ነበር። በኋላ ወደ እኛ ተመልሰው «እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ የምጠይቃችሁ ላድነው ነው» ባሉ ጊዜ መጀመሪያ የሰጠው ልጅ አለቀሰና ሁሉንም ነገራቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ያን ቀን ግን የደበቅነው የራሳችንን ሳይሆን የሌላ ሰው በሽታ ነበር።

የልጁ እናት ጉዳዩን ሲሰሙ «ልጆቼ፥ መድኃኒት እንዴት ሰው ያሳምማል?» አሉን። ጥያቄው የየዋህ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሐኪሞችም ዘንድ ሳይመለስ የኖረ ጥያቄ ነው። በዚህ ረገድ የታወቀውን የአሜሪካን አገር ታሪክ እንናገር፤ ብዙዎቻችሁ በዚያ አገር ዘመድ አላችሁ፥ እርሱም ሲመጣ በሻንጣው መድኃኒት ይዞ ይመጣልና ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። (የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980 ዓ.ም. በአንድ ታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ አምስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ ታተመች። በሆስፒታል ተኝተው እንዲህ ያለ ማስታገሻ ከተሰጣቸው 11,882 ሕመምተኞች መካከል፥ ቀድሞ ሱስ ያልነበረባቸው ሆነው ሱስ መያዛቸው በደንብ የተረጋገጠው አራት ብቻ ናቸው ትላለች። ቍጥሩ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በነርስ ዓይን ሥር ተኝተው መድኃኒቱ እየተለካ የተሰጣቸው ናቸው፤ ኪኒኑን ወደ ቤታቸው ይዘው ሄደው ለወራት ስለሚውጡ ሰዎች ደብዳቤዋ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሆኖም በኋላ በመቶ የሚቈጠሩ ጽሑፎች ጠቀሷት፤ በ2017 ሊቃውንት ቢቈጥሩ 608 ጊዜ ተጠቅሳ አገኟት፥ አብዛኞቹም «ሱስ ብርቅ ነው» ለማለት ማስረጃ ያደረጓት ናቸው። የሒሳብ መምህራችን «መጀመሪያ ከየት የተቈጠረ ነው ብላችሁ ጠይቁ» የሚሉን ለካ ለፈተና ብቻ አይደለም።

በ1996 ፐርዱ ፋርማ የሚባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተባለውን ብርቱ ማስታገሻ ለገበያ አወጣ። ቀስ እያለ የሚሟሟ ስለ ሆነ ሱስ የማስያዝ ኃይሉ ያነሰ ነው እየተባለ ለሐኪሞች ተሰበከ። ሐኪሞች ለወገብ ሕመምም፥ ለጥርስም ማዘዝ ጀመሩ። በ2007 ከኩባንያው ጋር የተያያዘ ድርጅት ስለ መድኃኒቱ በሐሰት መናገሩን በፍርድ ቤት አምኖ 600 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቅጣት ተከፈለ፤ በ2020 ፐርዱ ራሱ ዳግመኛ ጥፋቱን አመነ። ነገር ግን በሱስ የተያዘው ሰው በፍርድ አይፈወስም። ማዘዣው ሲጠብቅበት ብዙው ወደ ሄሮይን፥ ከዚያም በስውር ወደሚሠራው ወደ ፈንታኒል ዞረ። በ2021 በአንድ ዓመት ብቻ በዚያ አገር ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ከልክ ባለፈ መድኃኒትና ዕፅ ሞቱ፤ 80 ሺህ ያህሉ በኦፒዮይድ ነው። ከ2023 ወዲህ ቍጥሩ ቀንሷል፤ ቢቀንስም የብዙ ከተማ ሕዝብ ያህል ነው።

ይህ የተስፋ ቃል አዲስ አይደለም። በ1898 ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሄሮይንን የሳል መድኃኒት አድርጎ ይሸጠው ነበር። ትራማዶልም እንደ ሌሎቹ ሱስ አያስይዝም እየተባለ ብዙ ዘመን ኖረ፤ አሜሪካ እንኳን በቍጥጥር ሥር ያደረገችው በ2014 ነው። ናይጄሪያ በ2018 ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕ እንዳይሠራና እንዳይገባ ከለከለች፤ ወጣቶቿ ጠርሙስ ሙሉ ይጠጡት ነበርና።

ይህን ስንል መድኃኒቱን አንኰንንም። ከመካከላችን የአንዷ አያት በካንሰር ሲሠቃዩ እፎይ ያሰኛቸው ሞርፊን ነው፤ በብዙ ደሃ አገሮችም ያን የሚያህል ሥቃይ ይዞት ሞርፊን የማያገኝ ሕመምተኛ ብዙ ነው። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘለትን በታዘዘው ልክ የሚወስድ ሰው ይህን ንግግር ሰምቶ መድኃኒቱን እንዳይጥል እንለምናለን። በተለይ ዲያዜፓምንና የመሰሉትን ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ለሕይወቱ ያሰጋል፤ የሚቀነሰው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። የእኛ ክርክር ከተረፈው ጋር ነው። የተረፈው ኪኒን ማዘዣው የማን እንደ ነበረ ይረሳል፥ ልኩም ይረሳል፥ የሚቀረው «ጥሩ ነው፥ ያስተኛል» የሚለው ስም ብቻ ነው።

ወላጆቻችን፥ ሐኪም ሲያዝዝላችሁ «ስንት ቀን ነው የምወስደው? ስጨርስ እንዴት አቋርጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህ ሐኪምን መድፈር አይደለም። ለጎረቤትም በርኅራኄ አታካፍሉ። ልጃችሁ ያለ ጊዜው ቢያንቀላፋ፥ ገንዘብ ቢጠፋ፥ ጠባዩ ቢለወጥ ከዱላ በፊት ጥያቄ ይቅደም። መምህሮቻችንም፥ ጓደኛችን ከሆስፒታል በወጣ ጊዜ «ይባረር» ያለ ሰው እንደ ነበረ እናውቃለን። ቢባረር ኖሮ የሚሄድበት ቦታ ያው ያለ ማዘዣ የሚሸጥለት ሱቅ ነበር። አልተባረረም፤ ስለዚህም እናመሰግናለን።

መዳኑ ግን ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። ሐኪሙ መጠኑን እየቀነሱለት፥ እናቱም ወደ ጸበል እየወሰዱት ሁለቱንም ይዞ ቆየ። በሁለተኛው ወር፥ በፈተና ሰሞን፥ ዳግመኛ ወሰደ። ሐኪሙ አስቀድመው ያስጠነቀቁን ይህን ነበር፤ ጥቂት ጊዜ ያቋረጠ ሰው ሰውነቱ ልምዱን ስለሚረሳ የቀድሞው መጠን ሊገድለው ይችላል። ያን ሌሊት የክፍል ጓደኞቹ ተራ ገብተው ትንፋሹን ሲያዳምጡ አደሩ፤ ይህም ራሱ ስሕተት ነበር፥ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነበረባቸው። ጧት ግን ልጁ ራሱ ተነሥቶ «ወደ ሐኪሙ ውሰዱኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆኖታል። በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል እንዲህ ላለው ችግር ሕክምና እንዳለ የሰማነውም ያን ጊዜ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያስፈልገው ብለን እዚህ እናነሣዋለን።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ከላዩ ቀዳዳ ያለው የተቈለፈ የእንጨት ሣጥን ታያላችሁ። በቤታችሁ የተረፈውን ኪኒንና ሽሮፕ እስከ ዓርብ ድረስ ብታመጡልን ሰኞ ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት እናደርሰዋለን፤ ኃላፊው ተቀብለው በሚገባ ሊያስወግዱት ተስማምተዋል። የሣጥኑ ቍልፍ በባዮሎጂ መምህራችን እጅ ነው። በእኛ እጅ እንዳይሆን የጠየቅነው እኛው ነን።