ዝገት የበላውን መኪና በቤት ስለ ማደስ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታ ላይ ሲደርስ ሰፊውን የፎገራን ሜዳ ያያል። ሜዳው በስተ ምዕራብ ከጣና ሐይቅ ጋር የሚዋሰን፥ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፥ ዛሬም በሩዝ አዝመራው የታወቀ ነው። ለሩዝ የተመቸው ይኸው ውሃና ዋልካ አፈር ግን ለብረት ጠላት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት፥ ጭቃው በመኪና ሆድ ሥር ይለጠፋል፤ ከላይ የደረቀ መስሎ ሲታይ ከውስጥ እርጥበቱን ይዞ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ብረቱን ይበልጥ የሚጎዳው የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን፥ ዝናቡ ካባራ በኋላ ተለጥፎ የሚቀረው ይህ ጭቃ ነው።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ምድር የወጣ አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር በግቢው የቆመበት የመንግሥት ሠራተኛ፥ በደመወዙ አቅም ሊያድሰው ቢፈልግ ከምን መጀመር እንደሚገባው ጥቂት ልናገር አስቤአለሁ። ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ስለዚህ ትናንት እንደ ቁራጭ ብረት ይታይ የነበረው አሮጌ መኪና ዛሬ እንደ ንብረት መታየት ጀምሯል። ንብረት በሆነ ጊዜም አታላዩ ይበዛል።

ትልቁ አታላይ ቀለም ነው። ብዙ ሰው ያለውን ገንዘብ መጀመሪያ ለስቱኮና ለቀለም ያወጣል፤ መኪናው አምሮ ሲታይ የታደሰ ይመስለዋል። በዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ግን እርጥበቱን ከሥሩ አፍኖ ስለሚይዝ፥ ጥቂት ቆይቶ ተሰንጥቆ ይወድቃል። በእኔ አስተያየት አንድ ብር ለቀለም ከመውጣቱ በፊት ሻንሲው ተመርምሮ ማለቅ አለበት።

ለምን ቢባል የላንድሮቨርን አሠራር መመልከት ይበቃል። ይህ መኪና በአምስተርዳም ከተማ ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ ወር 1940 ዓ.ም. ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፥ አብዛኛው አካሉ ከአሉሚኒየም ቅልቅል ተሠራ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ስለዚህ ኮፈኑና ጎኑ ስድሳ ዓመት ቆይቶም ደኅና ሊመስል ይችላል። ሻንሲው ግን ከብረት የተሠራ፥ እንደ ሣጥን ዙሪያውን የተዘጋና ውስጡ ባዶ የሆነ ነው። ጭቃው በቀዳዳ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፤ ባለቤቱም የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። ሞተሩን ከሹፌሩ የሚለየው ግድግዳም ብረት ስለ ሆነ ከእግር መርገጫው በኩል ይበሳል። አሉሚኒየምና ብረት በእርጥበት በተገናኙበት ስፍራ ደግሞ አሉሚኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይፈረፈራል፤ ሲገጣጠሙ በመካከላቸው ቀለም ወይም ስስ ጎማ የሚገባው ስለዚህ ነው። የጃፓኑ ላንድክሩዘር አካሉም ብረት ስለ ሆነ ዝገቱን አይደብቅም፤ የሚደብቅለት ስቱኮ ነው። ይህንም ማግኔት ያጋልጠዋል፥ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ማግኔቱ አይዝምና። (ላንድሮቨርን በማግኔት የሚፈትን ሰው ግን መኪናው በሙሉ ስቱኮ ነው ብሎ እንዳይደነግጥ!)

ምርመራው ብዙ ወጪ የለውም። መኪናው ሆዱና የሻንሲው ውስጥ ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ ድረስ ይታጠባል፤ ከዚያ በፀሐይ ይደርቃል። በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መታ መታ ማድረግ ነው። ደኅናው ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ባሌስትራው የሚታሰርበት ቦታና የኋላው ተሻጋሪ ብረት በተለይ ይፈተሹ፤ ካቻቪቴ ሲገፉት የሚሰምጥበት ስፍራ መቆረጥ ያለበት ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ሥራው ይጀመር። ሻንሲው ሁሉ እንደ ወንፊት ከሆነ ግን፥ ልብ ቢያዝንም መኪናውን ለመለዋወጫ መሸጥ ይሻላል። በዚሁ ጊዜ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማስተያየት አይረሳ። ቁጥሩ የተመታበት ብረት ከተቆረጠ ወይም ከጠፋ ባለቤቱ ከበያጁ ጋር ሳይሆን ከሕግ ጋር መነጋገሩ አይቀርም።

ብየዳው የባለሙያ ሥራ ነው፤ ማዘጋጀቱ ግን የባለቤቱ ሊሆን ይችላል፥ ገንዘብ የሚቆጠበውም በዚህ ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፥ ብሎኑን ዘይት አጠጥቶ መፍታት፥ ላሜራውን ለክቶ መቁረጥ የእሑድ ሥራ ነው። በያጁ ከመምጣቱ በፊት የባትሪው ሽቦ ይፈታ፤ የነዳጁ ጋንም ከመኪናው ወጥቶ ይራቅ። ባዶ ነው ተብሎ የተተወ ጋን በውስጡ በቀረው ትነት እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። ከመኪናው ሥር የሚገባ ሰውም በክሪክ ብቻ አይታመን፤ ጠንካራ ግንድ ይደግፍበት። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሕፃናት ባሉበት ግቢ በደረቁ አይፋቅ፤ እያረጠቡ መፋቅና ቆሻሻውን ሰብስቦ ማንሣት ይገባል። በያጁም በዝገት ላይ እራፊ እንዲለጥፍ አይፈቀድለት፤ ደኅናው ብረት እስኪገኝ ይቁረጥ።

ከብየዳ በኋላ ለሻንሲው ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ የተለመደ ነው። እኔ አልደግፈውም። ዘይቱ ጎማውን ያበላሻል፥ ተንጠባጥቦም ወደ ሩዙ ማሳ ይወርዳል። በጎጃምና በጎንደር ሰም ሞልቷል፤ ሰሙን በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጦ ከንጹሕ ዘይት ጋር ማዋሐድና ገና ሞቅ እንዳለ በቀዳዳዎቹ ማስገባት ይቻላል። ውሃ የሚወጣባቸው የታች ቀዳዳዎች ግን አይደፈኑ።

አሁን ወደ ፍሬን እንለፍ፤ ቁጠባ የማይገባበት ቦታ ይህ ነውና። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ የወጣ መኪና ደግሞ ይወርዳል። በድሮዎቹ ላንድሮቨሮች የአራቱም እግር ፍሬን በአንድ መስመር ይታዘዝ ስለ ነበር፥ አንዲት የጎማ ቱቦ ብትፈነዳ ሁሉም ይጠፋል። ለዓመታት የቆመ መኪና የፍሬን ላስቲኮቹ ደርቀዋል፥ ዘይቱም ውሃ ጠጥቷል። ቱቦው፥ ላስቲኩና ዘይቱ በአዲስ ይለወጡ። ቤተሰቡን ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው በዚህ ያተረፈውን ብር የት ሊያደርገው ነው?

ደብረ ታቦርን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. መድፍ ያሠሩበት ጋፋት በዚያው አጠገብ ነው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድበውን ሰው በአዋጅ ገሥጸዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ፥ ቢሮ የሚውል ሰው ጥብቆውን አውልቆ ከመኪና ሥር ሲተኛ ጎረቤት ቢያየው የሚያፍር እስካሁን አለ። እፍረቱ ዋጋ አለው፤ ለጋራዥ በሚከፈለው ሒሳብ ላይ ይደመራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፥ መኪናውን በአንድ ጊዜ በታትኖ መጀመር የብዙዎችን ሥራ ከርሞ ጥጃ አድርጎታል፤ ዶሮ የሚያድርበት ኮፈን በየግቢው የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ወር አንድ ክፍል ይፈታ፤ ያ ክፍል ተሠርቶ ሳይገጠም ሌላው አይነካ። የተፈታው ብሎንና ዳዶ በየቆርቆሮው ገብቶ የየት እንደ ሆነ ይጻፍበት። የወሩ መለዋወጫም የወሩን ሥራ ያህል ብቻ ይገዛ። ሥራው ጥቅምት ላይ ቢጀመር፥ ብረቱ በደረቅ ወራት ተፍቆና ተበይዶ ቀለሙ ከግንቦት በፊት ሊደርቅ ይችላል። በዚያ ጊዜ ገንዘቡ ቢያልቅና ለላይኛው ቀለም ባይተርፍ፥ ዝገት መከላከያውን ብቻ ተቀብቶ ክረምቱን ይለፍ፤ መልኩ ለከርሞ ይደርሳል። መስከረም ሲጠባም ዋልካው ሳይጠነክር ሆዱ ይታጠብ፥ የታች ቀዳዳዎቹም በሽቦ ይከፈቱ።