«እርስዎ እንዳሉ» ማለት ፈቃድ ነውን?

(በአይከል ለክሊኒክ ተገልጋዮች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ክኒን ወይም ስለ መርፌ አጠቃቀም አይደለም። ከዚያ ስለሚቀድም አንድ ጥያቄ ነው። አንዲት እናት ከጤና ባለሙያ ፊት ተቀምጣ «የትኛውን ይመርጣሉ?» ተብላ ስትጠየቅ፣ አንገቷን ደፍታ «እርስዎ እንዳሉ» ብትል ፈቅዳለች ይባላልን? ባልዋ «ይህን ውሰጂ» ወይም «እንዳትወስጂ» ሲላት ዝም ብትል፣ ዝምታዋ እንደ ስምምነት ይቆጠራልን?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስለ ሥነ ምግባር የሚመራመሩ ፈላስፎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው። ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም።

«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» በተባለው የግእዝ መጽሐፍ እንደተተረከው፣ የአክሱሙ ተወላጅ ዘርዓ ያዕቆብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በነበረው የሃይማኖት ጠብ ምክንያት ሸሽቶ በዋሻ ኖረ። በኋላም ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ወደምትገኘው ወደ እንፍራዝ መጣ። በዚያም ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ ሲኖር፣ ኂሩት የተባለችውን የቤቱን አገልጋይ ለማግባት ጠየቀ። ባለጸጋው ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትሁን ቢለው፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ሚስቴ እንጂ አገልጋዬ አትሆንም ሲል መለሰ። ከዚያም ኂሩትን ራስዋን ጠየቃት። እርስዋ በመጀመሪያ ነገሩን ለጌታዋ ፈቃድ ተወችው፤ በኋላ ግን ለራስዋም መልካም መሆኑን ተናገረች።

እነዚህን ሁለት መልሶች እንለያቸው። የመጀመሪያው ታዛዥነት ነው፤ ሁለተኛው ፈቃድ ነው። እርግጥ ነው፣ ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን የጻፈው የ19ኛው መቶ ዘመን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሏል። ክላውድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተሟግተዋል። ክርክሩ እስካሁን አላበቃም። ሆኖም ማንም ይጻፈው፣ በታዛዥነትና በፈቃድ መካከል ያለው ልዩነት አይለወጥም።

በዘመናችን አማርትያ ሴን የተባሉት ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅና ማርታ ኑስባውም የተባሉት አሜሪካዊት ፈላስፋ ይህንኑ ነገር አንስተዋል። እጦትን የለመደ ሰው ምኞቱን በእጦቱ ልክ ያሳንሳል፤ ስለዚህ አላማረረም ማለት ደስ ብሎታል ማለት አይደለም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ይቃወማሉ፤ እርስዋ «ይበቃኛል» እያለች «አይበቃሽም» ብሎ የሚፈርድላት ማነው? ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ለጤና ባለሙያዎች ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ሴቲቱን ከባልዋ ትእዛዝ አውጥቶ በነጭ ጋዋን ትእዛዝ ሥር ማስገባት ነጻነት አይደለም፤ ጌታ መለወጥ ብቻ ነው።

«እኛ እኮ ብቻችንን የምንወስን ሕዝብ አይደለንም፤ ባል አለ፣ አማት አለች፣ ሽማግሌ አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ናይጄሪያዊው ፈላስፋ ኢፌአኒ ሜንኪቲ ሰው ሙሉ ሰው የሚሆነው በማኅበረሰቡ ነው ብለው አስተምረዋል። የጋናው ክዋሜ ጄክዬ ግን ማኅበረሰብ ሰውን ይቀርጸዋል እንጂ የማሰብና የመምረጥ ችሎታውን አይውጠውም ሲሉ መልሰዋል። እኛም «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ከባል ጋር መመካከር መልካም ነው። ግን ምክክር ሁለት አፍ ይፈልጋል፤ አንዱ ብቻ የሚናገርበት ምክክር ትእዛዝ ነው። መርፌው የሚወጋው የእርስዋን ክንድ፣ ምጡም የሚይዘው እርስዋን መሆኑን አንርሳ።

የአገራችን ሕግም ከዚህ ሐሳብ አይርቅም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ስለሆነም ውድ እናቶች፣ «እርስዎ እንዳሉ» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ። ምን ምን ዓይነት አለ? የወር አበባዬን ይለውጠዋልን? ሳቆመው ልጅ ለመውለድ ምን ያህል እቆያለሁ? ለምሳሌ በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ከተቋረጠ በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውና ሉፑ ግን ሲወጡ ማርገዝ ቶሎ ይመለሳል። ይህን ሳያውቁ «እሺ» ማለት ያላዩትን ዕቃ መግዛት ነው። «ቤቴ ሄጄ ላስብበት» ማለትም፣ «አልፈልግም» ማለትም መብታችሁ ነው።

እናንተ አባቶች ደግሞ «ምን ታስቢያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም እስኪመጣ ታገሡ። ለብዙ ዓመት ዝም ያለ ሰው ሐሳቡን ለመናገር ጊዜ ይፈልጋል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ስለ ገዛ አካሏ የተጠየቀች ሴት ግን ከዝምታዋ ይልቅ ቃሏ ይበልጣል።