ቦክሰኛና ትግለኛ ቢገጥሙ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከስፖርት ክበብ የቀረበ ንግግር)



የምናገረው በዕረፍት ሰዓት ዘወትር ስለምንከራከርበት ነገር ነው። ቦክሰኛና ትግለኛ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል? ትንሹስ ትልቁን ይችለዋልን? ክርክሩ በአፍ ሲያልቅ ጨዋታ ነው። ነገር ግን የማይመጣጠኑ ሁለት ልጆችን ወደ ሐይቁ ዳር ወስደን «እስቲ ይለይላችሁ» ያልን ዕለት ከጨዋታ ያልፋል።

በመጀመሪያ የክብደትን ጥቅም እንመልከት። ሁለት ሰዎች በእኩል ፍጥነት ቢመጡ፥ 80 ኪሎ የሚመዝነው 60 ኪሎ ከሚመዝነው ይልቅ ግፊቱ በሲሶ ይበልጣል። ክንደ ረጅሙም ሳይነኩት ይነካል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ቦክስ ከ51 ኪሎ ጀምሮ ከ92 ኪሎ በላይ እስካሉት ድረስ በ7 የክብደት ደረጃ ተከፍሎ ነበር።

ሙያቸው የተለያየ ሰዎች ሲገጥሙ ደግሞ ሕጉ ከክብደት ጋር ይቈጠራል። ኅዳር 3 ቀን 1986 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በዴንቨር ከተማ፥ ቦክሰኛው አርት ጂመርሰን ከብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ጋር ገጠመ። ቦክሰኛው በክብደት ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ይዞ መጣል የተፈቀደ ስለ ነበረ፥ ግሬሲ እግሩን ይዞ ጣለው፤ ከላዩም ወጣበት፤ ጂመርሰንም እጁን ሰጠ።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በጃፓን የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በእርግጫ የታወቀው ቴንሺን ናሱካዋ ከቦክሰኛው ፍሎይድ ሜይዌዘር ጋር ሲገጥም፥ ከ4 ኪሎ በላይ ያንስ ነበር፤ እርግጫም ተከለከለበት። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ጊዜ ወደቀና ወገኖቹ ግጥሚያውን አስቆሙ።

ሰኔ 19 ቀን 1968 ዓ.ም. መሐመድ ዓሊና ጃፓናዊው ትግለኛ አንቶኒዮ ኢኖኪ በቶኪዮ 15 ዙር ተጋጠሙ። ኢኖኪ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የዓሊን እግር ይራገጥ ነበር። በመጨረሻ እኩል ለእኩል ተለያዩ፤ ዓሊ ግን በእግሩ ጕዳት ሐኪም ቤት ገባ።

አንዳንዶቻችሁ «ዳዊትስ ጎልያድን ጥሎት የለምን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዳዊት ከጎልያድ ጋር አንገት ለአንገት አልተያያዘም። በለመደው ወንጭፍ ከሩቅ መታው እንጂ። ትንሹ ትልቁን የሚያሸንፈው የለመደውን ሙያ ሕጉ ሲፈቅድለት ነው። ሕጉም ክብደቱም የትልቁ ከሆኑ ግን ድፍረት ብቻውን አያድንም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ «ማን ጐበዝ ነው?» ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ እያንዳንዱ ስንት ኪሎ ይመዝናል? የሚጋጠሙትስ በማን ሕግ ነው? «እኩያህን ፈልግ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ራስ ሲመታ አንጐል ከራስ ቅል ጋር ይጋጫል፤ ጕዳቱም ለጊዜው ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ያለ ሚዛንና ያለ መምህር ግጥሚያ እንዳይደረግ፥ ደካማውንም በጭብጨባ ወደ ጠብ የሚገፋ እንዳይኖር አደራ እላለሁ። «አልገጥምም» ያለውንም ልጅ ፈሪ አንበለው፤ ሚዛኑን ያወቀ ነውና።